የሞተር ብልሽት ኮድ ፒ0171 የሐረጎን ዳገት ስወጣ ብቻ ይመጣል

መኪናዬ እንደ ፈረንጆቹ የ2007 ስሪት ባለ 1.6 ቤንዚን ኮሮላ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን ስወጣ ጉልበት ታጣለች፤ የሞተሩም መብራት ይበራል። ኮድ ማንበቢያው የሚያሳየኝ ፒ0171 ነው፤ አየር በዝቶ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። ጋራዥ ኦክስጅን ሴንሰሩን ቀየሩልኝ፤ ገንዘቡ ሄደ፣ ኮዱ ተመለሰ። የአየር ማጣሪያውን ቀየርኩ፣ የአየር መጠን መለኪያውን ሴንሰር በራሱ ማጽጃ አጸዳሁ፣ ቱቦዎቹንም አየሁ፤ የተሰነጠቀ የለም።

ግራ ያጋባኝ ይህ ነው፦ ቆማ ስትሠራ ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ነዳጅ ከ4 በመቶ አያልፍም፤ ዳገቱ ላይ ግን 25 ይጠጋል። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ የሚብሰው ቆማ ሳለች ነበር። ስለዚህ የምጠረጥረው የነዳጅ ፓምፑን ወይም ያንኑ የአየር መለኪያ ነው። ፓምፑ ደግሞ እንዲያው ተሞክሮ የሚተው ዕቃ አይደለም፤ የነዳጅ ግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥም አላገኘሁም። ከማንበቢያው ቁጥሮች ብቻ ተነሥቼ ሁለቱን በምን ልለያቸው?