የዕቁብ ብር በእጄ አልበረክት አለ

ጠያቂ፦ በጅማ ሂርማታ መርካቶ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። በየሳምንቱ 500 ብር ዕቁብ ብጥልም፣ በደረሰኝ ቁጥር ገንዘቡ ለዱቤ መክፈያ ስለሚውል እንደገና ከባዶ እጀምራለሁ። ከዱቤ ተላቅቄ በራሴ ገንዘብ የምኖረው እንዴት ነው?

መልስ፦ የሱቁንና የቤቱን ወጪ በሁለት ደብተር ለይተው ይጻፉ። እኔ በርበሬ በነካው ደብተሬ ለአንድ ወር ስጽፍ፣ ትርፍ የመሰለኝ ብር የዕቃ መግዣው ራሱ ሆኖ አገኘሁት።

ሌላ መልስ፦ በደብተሩ እስማማለሁ፤ ሆኖም ብሩን ሁሉ ባንክ ማስቀመጥ አያዋጣም፤ ምክንያቱም የዋጋ ንረቱ ከቁጠባ ወለዱ ሲበልጥ፣ ቁጥሩ እያደገም ቢሆን የመግዛት አቅሙ ይሳሳል። የሦስት ወር ወጪዎን ብቻ በባንክ (ወለድ ለማይፈልግ ከወለድ ነፃ ሂሳብ አለ) አኑረው፣ በቀረው ብር ቡና ከመለቀሙ በፊት ዕቃ ይግዙ፤ ገበሬው ገንዘብ የሚይዘው ቡናው ሲለቀም ነውና።

ጠያቂ፦ የእኔ ተራ ኅዳር ላይ ነው፤ አይዘገይም?

መልስ፦ ለዕቁቡ ዳኛ ነግረው፣ ቀደም ያለ ተራ ከደረሰው ሰው ጋር ይቀያየሩ።