ሄሊኮፕተሩን አየር ላይ ማቆም አቃተኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች። በሲሙሌተር (በኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ) አውሮፕላን ማብረር ብዙም አያስቸግረኝም፤ ሄሊኮፕተር ግን ጉድ ሠራኝ። ቤል 407 የሚባለው ሄሊኮፕተር ላይ ሙጭጭ ካልኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በ60 ኖት (በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ) ወደፊት ስበር ሁሉም ሰላም ነው። ችግሩ የሚጀምረው ለማረፍ ፍጥነት ስቀንስ ነው።

ከ20 ኖት በታች ስወርድ ሮተሩ ከፍጥነቱ ያገኝ የነበረውን ተጨማሪ ጉልበት ያጣና መስመጥ ይጀምራል፣ እኔም ደንግጬ ኮሌክቲቩን (ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ማንሻ) ሳብ ሳደርገው አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ወደ ግራ ስመልሰው ደግሞ በጎን መንሸራተት ይመጣል፣ ያንን ላስተካክል ሳይክሊኩን (ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን የሚያዘነብለውን ዱላ) ስነካ በቃ ዥዋዥዌ ነው። ምላሹ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። እስኪመጣ እኔ አብዝቼ ገፍቼዋለሁ። ትናንት ለማረፍ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀረኝ ጅራቱ መሬት መታና ተገለበጥኩ።

ጆይስቲኬ ተራ ነው፣ ሲለቁት በስፕሪንግ ወደ መሃል የሚመለስ። የእግር ፔዳል የለኝም፤ ዱላውን እየጠመዘዝኩ ነው አፍንጫውን የማዞረው። ሲጨንቀኝ ደግሞ እጄ ድንጋይ ይሆናል፣ እሱን አውቃለሁ። ሴንሲቲቪቲውን (ዱላው ለእጄ የሚሰጠውን የምላሽ መጠን) ዝቅ ባደርገው ደነዘዘብኝ፣ መልሼ ከፍ አደረግኩት።

እናንተ አንድ ቦታ ስታቆሙት ዓይናችሁን የት ነው የምታሳርፉት? እኔ ከአፍንጫው ፊት ያለውን መሬት ነው የማፈጠው። ትሪምስ (ዱላውን ሳትይዙት ባለበት ቦታ እንዲቆይ የሚያደርገውን) ትጠቀማላችሁ? ፔዳል ብገዛ ለውጥ አለው ወይስ ገንዘቤን ከማባክን ልምምዱን ልቀጥል?