ቅሬያችን ይፈርም ወይስ ይቅር?

የቅሬው ጸሐፊ፦ አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ጎረቤቶች። ባለፈው እሁድ ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ በወጣቶች ላይ የሚሠራ ድርጅት መጥቶ ነበር። የቅሬያችንን፣ ማለትም የሰፈር እድራችንን፣ አዳራሽ ለ2 ዓመት፣ ከሰዓት ከሰዓት እንድንሰጠው ይፈልጋል። መጻሕፍት፣ 6 ኮምፒውተርና የአስጠኚዎች ክፍያ ከእሱ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ላሉ ልጆች ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። በሳምንት 1 ቀን ደግሞ «የሕይወት ክህሎት» ስልጠና አለ። ከእኛ የሚጠበቀው አዳራሹ፣ መብራቱ፣ ጥበቃውና ወላጅ መቀስቀስ ነው። ስምምነቱ 4 ገጽ ነው፣ ያነበብነው 3 ሰዎች ነን። እሁድ ይወሰናል፣ እስከዚያ እዚህ ተከራከሩ። ስድብ የለም። የድምፅ መልእክትም ከ1 ደቂቃ አይብለጥ፣ ባለፈው ማን እንዳሰቃየን ይታወቃል።

የሰኞ ገበያው መምህር፦ እኔ አይፈረም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ድርጅት የንባብ ክፍል አደራጅቶ ነበር። ባነር ተሰቀለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ክፍሉን የሚከፍት ሰው ደሞዝ በማንም በጀት ውስጥ አልተገኘም። ቁልፉ ከምክትሉ ኪስ ወደ ንብረት ክፍል ሄደ፣ ከንብረት ክፍል ደግሞ ወዴት እንደገባ ጠፋ። መጻሕፍቱ ካርቶናቸው ሳይፈታ 2014 ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ደሴ የነበረ ሁሉ ያውቃል። አሁን «ጦርነቱ ወሰደው» እንላለን። እውነት ነው፣ ወስዶታል። ልጆቹ ግን ከጦርነቱ በፊትም አላነበቡትም።

ደሴዬ ከአዲስ አበባ፦ መምህር ልክ ነህ። ገንዘቡም መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። 80 በመቶው ለላንድክሩዘርና ለሆቴል አዳራሽ ነው። ለምን እኛው አንሠራውም? እያንዳንዱ አባወራ በወር 50 ብር ቢጨምር በቃ።

የቅሬው ጸሐፊ፦ ወንድሜ፣ መዝገቡ እኔ ጋ ነው። የመደበኛውን መዋጮ የ5 ወር ውዝፍ ያለባቸው አባላት አሉን። (ስም አልጠራም። አንዱ ግን አሁን ይህን እያነበበ ነው።)

የድሮ የፕሮጀክት ሠራተኛ፦ እኔ 6 ዓመት እዚህ ዘርፍ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ሁለቱንም ወገን አውቃለሁ። ደሴዬ ያልከው 80 በመቶ ከየት መጣ? በ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ለአስተዳደር የሚፈቀደው ከበጀቱ 30 በመቶ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ 1113/2011 ወደ 20 አውርዶታል። እውነቱ እንዲነገር ግን ይቺ 20 በመቶ ሁሉን አታሳይም። የፕሮጀክት ሠራተኛ ደሞዝና የስልጠና ወጪ «አስተዳደር» ውስጥ አይገባም፣ የፕሮግራም ወጪ ነው። ስለዚህ ሕጉን አንድም ሳይጥስ አብዛኛው ብር ልጁ ጋ ሳይደርስ የሚያልቅበት ፕሮጀክት አለ። የሚጠየቀው እንግዲህ ሌላ ነው። «ከጠቅላላው በጀት አዳራሹ ውስጥ የሚገባው ስንት ነው? መጽሐፍ ስንት፣ አስጠኚ ስንት?» በሉት። ካልነገራችሁ አትፈርሙ። ከነገራችሁ ደግሞ በደፈናው «ሌቦች» አትበሉ።

ደሴዬ ከአዲስ አበባ፦ ታዲያ ብሩ በቀጥታ ለቅሬው ይሰጠና!

የድሮ የፕሮጀክት ሠራተኛ፦ አዋጁ እድርና እቁብን አይመለከትም። ቅሬም ያው እድር ነው። ድርጅቶችን ለሚቆጣጠረው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚያቀርበውም፣ በኦዲት የሚጠየቀውም ድርጅቱ ነው። ለዚህ ነው ስምምነቱ ላይ እኛን «ተባባሪ» የሚለን። ክብር ይመስላል። ትርጉሙ ግን ቤቱን እኛ እንሰጣለን፣ ደብተሩን እሱ ይይዛል ነው።

ተፈታኟ፦ ይቅርታ፣ ስለኔ ነው የምታወሩት መሰለኝ። 12ኛ ክፍል ነኝ። የሕይወት ክህሎት 3 ጊዜ ሰልጥኛለሁ። ግብ ማውጣት፣ ጊዜ አጠቃቀም፣ በራስ መተማመን። ሦስቱም ላይ ያው ዓይንን አስሮ የመምራት ጨዋታ ነበር። አልጠላሁትም፣ አስቆናል። ግን 11ኛ ክፍል ሳለን ለግማሽ ዓመት የኬሚስትሪ መምህር አልነበረንም። ግቤን አውጥቻለሁ፣ የጎደለኝ ኬሚስትሪ ነው። ቤት ደግሞ 7 ሰው ነን፣ ማታ ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። ወንበርና ጸጥታ ነው የምፈልገው። ያ አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ድስትና ድንኳን ይጠብቃል። አንድ ጥያቄም አለኝ። «ከሰዓት ከሰዓት» ያለው ማነው? እኔ የከሰዓት ፈረቃ ነኝ። እኔና ጓደኞቼ መቼ ልንመጣ ነው?

የቅሬው ጸሐፊ፦ ወላሂ ይህን ማናችንም አላሰብነውም።

የሰኞ ገበያው መምህር፦ ልጄ፣ ችግርሽን ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል። በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። «ተሻሻለ» እየተባለ ከ100 ልጅ 91 ወይ 92ቱ ይወድቃል ማለት ነው። ይህ ክፍተት 1ኛ ክፍል ላይ የጀመረ ነው። በ2 ዓመት ማጠናከሪያ አይሞላም። የምፈራውም ይኸው ነው። ድርጅቱ ሲመጣ ሁሉም ኃላፊነቱን ወደሱ ይገፋል። ወላጅ «እዚያ ይማራል» ይላል። መንግሥትም መምህር መቅጠር ያለበት እሱ መሆኑን ይረሳል።

ተፈታኟ፦ መምህር፣ አንቱ የሚሉት ለሚቀጥለው ትውልድ ነው። እኔ ፈተናዬ ዘንድሮ ነው።

ከሪያድ የተመለስኩ፦ ለዚህ መልስ የለውም መምህር 😂

እኔ ስለ ስልጠናው ልናገር። በባቲ በኩል ወደ አፋር ወርደን፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን ገብተን ነው የሄድነው። ከመሄዴ በፊት «የሕገወጥ ስደት አስከፊነት» የሚል ስልጠና ወስጃለሁ። ቲሸርቱን ሁሉ ሰጥተውኛል። ባሕሩ እንደሚበላ አውቅ ነበር። የመንደራችን ልጅ ሁሉ ያውቃል፣ ያልሰማ የለም። የሄድኩት 10ኛ ክፍል ላይ ስለቆምኩና ደላላው ብቻ «ለአንተ የሚሆን ሥራ አለ» ስላለኝ ነው። ያ ስልጠና «አትሂድ» አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ ምን ልሥራ ብዬ ስጠይቅ አበል አስፈርመው ሸኙኝ።

የድሮ የፕሮጀክት ሠራተኛ፦ ያን አበል ካስፈረሙት አንዱ እኔ ልሆን እችላለሁ። እውነቴን ነው። ሪፖርት ላይ የሚጻፈው «ይህን ያህል ወጣት ሰለጠነ» ነበር። ስንቱ ቀረ፣ ስንቱ ሄደ የሚል ሰንጠረዥ አልነበረንም። በብሔራዊው የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ነው፣ እኛ ግን ቁጥር ሲጎድል የ40 ዓመት ሰውም «ወጣት» እናደርግ ነበር።

ደሴዬ ከአዲስ አበባ፦ እና አንተ ራስህ እንዲህ ካልክ ለምን ትከራከርላቸዋለህ?

የድሮ የፕሮጀክት ሠራተኛ፦ አዳራሹ ባዶ ስለሆነ ነዋ።

የቅሬው ዳኛ፦ ልጆቼ እንደምን ናችሁ። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፣ ስህተት ካለ የእሱ ነው።

እኔ የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያ አዳራሽ የለቅሶ ቤት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ሲሞትበት እዚያ ነው የምንቀመጠው። ሰው ሞቶ ልጆቹን «ውጡ» ማለት አልወድም። ለቅስተኛውንም «ቆይ ኬሚስትሪ አለ» ማለት አይቻልም። ወረቀቱ ስለዚህ ምንም አይልም። ድርጅቱ አያውቅም፣ አይፈረድበትም። እናንተ ግን እያወቃችሁ ዝም አላችሁ።

ሁለተኛ፣ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ለአባቴ ፊደል ያስተማረው ልጅ አዲስ አበቤ ነበር። ያስተማረው ከበረቱ አጠገብ፣ ዛፍ ሥር ነው። ክረምቱ አልቆ ሲሄድ አባቴ ስሙን ይጽፍ ነበር። የሄደው ሄደ፣ እኛ ቀጠልነው፣ ማታ ማታ ለአባቴ እኔ አነብለት ነበር። ከውጭ የመጣ ሁሉ ይሄዳል። «ሲሄድ ምን እናደርጋለን» ብዬ አልፈራም። ይልቅ ሲመጣ እኛ ከእንቅልፍ ተነስተናል ወይ?

የሰኞ ገበያው መምህር፦ ጋሼ፣ አንቱን አልከራከርም። ግን የዚያን ጊዜው ዘመቻ አገር ሙሉ የተነሳበት ነበር። ይኼ የ2 ዓመት ፕሮጀክት ነው። ያውም 2 ዓመት ከሞላ። በ2017 ጥር ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ በየቦታው ስንት ፕሮጀክት መሃል ላይ ቆመ? ሰኞ ሥራ፣ ዓርብ ቢሮ ተዘጋ።

የድሮ የፕሮጀክት ሠራተኛ፦ ትክክል። ስለዚህ ስምምነቱ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ፕሮጀክቱ በማንኛውም ምክንያት ቢቋረጥ መጻሕፍቱ፣ ኮምፒውተሩና ወንበሩ በዚያው ቀን የቅሬው ይሆናሉ። ሲያልቅ «እናስረክባለን» የሚለው አይበቃም። መጋዘን ውስጥ ርክክብ ሲጠብቅ ያረጀ ስንት ኮምፒውተር አይቻለሁ።

ከሪያድ የተመለስኩ፦ የሕይወት ክህሎት ስልጠናው ቀን ግን እንዴት ይሁን? እሱን በሙያ ብንለውጠውስ? ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ የስልክ ጥገና። እኔ ስልክ መጠገን እዚያ ተምሬ ነው የመጣሁት፣ በሳምንት አንድ ቀን በነፃ አስተምራለሁ። ቲሸርት አልፈልግም።

ተፈታኟ፦ ጠዋትም ይከፈት። አስጠኚ ባይኖርም ግድ የለም፣ ክፍሉ ብቻ ይከፈት። ማታ ደግሞ እስከ 2 ሰዓት ቢሆን ወንዶቹ ይጠቀማሉ፣ ለእኛ ግን ጭለማው አይመችም። ከ11 ሰዓት በኋላ ለሴቶች የሚያደርስ ሰው ካልተመደበ «ለሁሉም ክፍት ነው» አይባል።

ደሴዬ ከአዲስ አበባ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ አልልም። ግን የአንድ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ የወር ክፍያ ግማሹን እኔና እዚህ ያሉ 4 የሰፈር ልጆች እንችላለን። ከመጀመሪያው ወር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አይደለም። ውዝፌንም ዛሬ እልካለሁ፣ ጸሐፊው ደስ ይበልህ።

የቅሬው ጸሐፊ፦ አልሃምዱሊላህ! ስም አልጠራሁም ብያለሁ።

የሰኞ ገበያው መምህር፦ እኔ አሁንም እጄን አላወጣም። ጠባቂው ከመጀመሪያው ቀን በእኛ ከተቀጠረ ግን አልቃወምም። ኬሚስትሪውንም ቅዳሜ ጠዋት እኔ እይዛለሁ። ይህ ግን ለድርጅቱ ሪፖርት አይገባም፣ ፎቶም አልነሳም።

የቅሬው ዳኛ፦ ለቅሶ ሲኖር ልጆቹ እኔ ቤት ሳሎን ይግቡ። ሰፊ ነው፣ ቴሌቪዥኑንም አጠፋለሁ።

የቅሬው ጸሐፊ፦ እሁድ 3 ሰዓት። ስምምነቱን በእነዚህ ነጥቦች አስተካክዬ ለድርጅቱ ልኬያለሁ። «የለቅሶ ቀን» ለምትለዋ ቃል ማብራሪያ ጠይቀውኛል። የቁልፉ ነገር ገና አልተወሰነም። አንዱ ጠባቂው ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ ብያለሁ። ተፈታኟ ሦስተኛ ይቀረጽ ብላለች፣ ተማሪዎች ጋ የሚቀመጥ። ቁልፍ የሚቀርጸው ሰውዬ ፒያሳ አሁንም አለ እንዴ?