ለከተማ ዳርቻ እናቶች የትኛው የድብርት መጠይቅ ይስማማል?

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ የካ አባዶ

ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየምና በዙሪያው የሚኖሩ እናቶች በእርግዝና ወቅትና ከወሊድ በኋላ የሚደርስባቸውን ድብርትና ጭንቀት ለማጥናት አስቤአለሁ። የተቸገርኩት በመለኪያው ምርጫ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የሆነው የኤዲንብራ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚጠይቀውም ስላለፉት 7 ቀናት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኤስ አር ኪው ደግሞ ያለፉትን 30 ቀናት የሚመለከቱ 20 የ«አዎ» ወይም «አይደለም» ጥያቄዎችን ይዟል። ሁለቱ በቡታጅራ ገጠር ተፈትነው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤት ኤዲንብራ ደካማ ሆኖ ሲገኝ፣ ከ2 ዓመት በኋላ በወጣው የአዲስ አበባ ጥናት ግን ጥሩ ሠርቷል። እዚህ በአንዱ ብሎክ ከመሀል ከተማ በልማት ተነሥታ የመጣች እናት ትኖራለች፤ ከጎኗ ደግሞ ከገጠር በቅርቡ መጥታ አንድ ክፍል የተከራየች አለች። ለሁለቱም የሚሆነው የትኛው ነው?

መልስ 1፦ የሥነ አእምሮ ነርስ

የኤዲንብራን ይያዙ፤ ነገር ግን በውጭ ጽሑፎች የተለመደውን 13 ነጥብ እንደ ወሰን፣ ማለትም እናቲቱ ታማ ይሆናል የሚያሰኝ መነሻ ነጥብ አድርገው አይውሰዱ። በአዲስ አበባው ጥናት ተስማሚ ሆኖ የተገኘው ወሰን ከዚያ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ 13ን ይዘው ከገቡ ብዙ የታመሙ እናቶችን «ጤነኛ» ብለው ያልፏቸዋል። ብዙ ተማሪ የሚዘነጋው ደግሞ ያ ጥናት የተካሄደው በወለዱ እናቶች እንጂ በነፍሰ ጡሮች ላይ አለመሆኑን ነው። ለነፍሰ ጡር ኤስ አር ኪውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው፤ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍ መታወክና ቶሎ መድከም ከጥያቄዎቹ መካከል ስለሆኑ፣ እርግዝናው ራሱ ነጥብ ያስቆጥራል።

ይህን ሰግተው ነፍሰ ጡሮቹን ከጥናቱ እንዳያወጡ አደራ። በቡታጅራ 1,065 ነፍሰ ጡሮችን በመከታተል የተሠራው ጥናት፣ በእርግዝናቸው ወቅት በከባድ ጭንቀት ውስጥ የነበሩት ሴቶች ምጣቸው ከ24 ሰዓት በላይ የመራዘሙና ጡት ማጥባት የመጀመራቸው ነገር የመዘግየቱ ዕድል ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በሕፃኑ የልደት ክብደት ላይ ግን፣ በደቡብ እስያ ከታየው በተለየ፣ ተጽዕኖ አልተገኘም። ስለዚህ አቅምዎ ከፈቀደ ከተጠኚዎቹ የተወሰኑትን፣ ነጥባቸውን በማያውቅ የሥነ አእምሮ ባለሙያ አስመርምረው ወሰኑን ለአካባቢዎ ራስዎ ይፈትሹ።

መልስ 2፦ አዋላጅ ነርስ፣ ጤና ጣቢያ

በወሰኑ ላይ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ለእኔ ግን መጠይቁ የት ይነበባል የሚለው ይብሳል። በክትባት ቀን በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው «ያለምንም ምክንያት ፍርሃት ይሰማሻል?» ተብላ የተጠየቀች አራስ መልሷ የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ቤቷ ቢሄዱም ጠያቂ አይጠፋም፤ ገንፎውን የሚያገነፋው፣ ቡና የሚያፈላው ሁሉ እዚያው ነው። እኛ ጋ የሚሠራው አብሯት የመጣው ሰው ሕፃኑን ይዞ ወደ ሚዛኑ ሲሄድ እናቲቱን በሌላ ክፍል ብቻዋን ማነጋገር ነው። ጊዜው አጭር ቢሆንም 10 ጥያቄ ያስጨርሳል።

ከዚህም ሌላ፣ ክፉኛ የተደበተች እናት ከነጭራሹ ለክትባት ላትመጣ ትችላለች። የቀሩትን በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በኩል ካላፈላለጓቸው የሚያጠኑት ደህናዎቹን ብቻ ይሆናል።

መልስ 3፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አያት

ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ተጠይቄ አውቃለሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነበር። እኔም በእውነት መለስኩ፤ ጠያቂዋም ምልክት አድርጋ፣ አመስግናኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ የደወለልኝም የጠየቀኝም ሰው አልነበረም። ወንድሜ፣ «አዎ» ያለችዎትን ሴት ምን ሊያደርጉላት አስበዋል?

ጠያቂው፦

እህቴ፣ በረቂቄ ላይ «ወደ ሚመለከተው ተቋም ትላካለች» ብዬ ብቻ ነበር የጻፍኩት። በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ባለሙያዎቹ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 4፦ የሥነ አእምሮ ነርስ

ራስን ስለ መጉዳት ለሚጠይቀው የኤዲንብራ 10ኛ ጥያቄ ከዜሮ በላይ ነጥብ የሚያሰጥ መልስ የሰጠችን እናት፣ ጠቅላላ ነጥቧ ምንም ይሁን ምን፣ መረጃ ሰብሳቢው ብቻዋን ትቶ አይሄድም፤ በዚያው ቀን በባለሙያ ትታያለች። ለዚህም ከጤና ጣቢያው ጋር ተረኛው ማን እንደሆነ ለይታችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ፤ የማይሰማ ድምፅ የምትሰማ ወይም ሕፃኗን እጎዳለሁ የምትል ካጋጠመች አማኑኤል ወይም ሌላ የሥነ አእምሮ ክፍል ያለው ሆስፒታል በዚያው ሰዓት በመኪና የምትደርስበትን፣ ወጪውንም ማን እንደሚሸፍን በበጀትዎ ያካትቱ። መካከለኛ ድብርት ያለባቸውን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው፣ በፓኪስታን የገጠር ጤና ሠራተኞች ተሞክሮ ውጤት ያሳየው የምክር መመሪያ አለ፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሳይኖርም እንዲሠራበት የተዘጋጀ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎችዎን ሲያሠለጥኑ ግማሹን ቀን ለዚህ ይስጡት።