እናታችን በአገውኛ ቢመርቁን ምን ነውር አለው?

ጠያቂ፣ ከባሕር ዳር ሽምብጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማርያም ማኅበር አለን፤ በየወሩ በ21 በየተራ እንደግሳለን። ባለፈው ተራው ከእንጅባራ መጥቶ የሚኖር ጎረቤታችን ነበር። ካህኑ ጸበል ጸዲቁን ከባረኩ በኋላ እናቱ ተነሥተው በአገውኛ መረቁን። ቃሉ ባይገባኝም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳይ አሜን አልኩ። አንዱ ማኅበርተኛ ግን «እማማ፣ በሚገባን በአማርኛ ይሁን» ብሎ አቋረጣቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ተቀመጡ፤ ጠላውንም አልቀመሱ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰውየው ኋላ «የቋንቋ መደበላለቅ የባቢሎን ቅጣት ነው፤ አንድነት በአንድ ቋንቋ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነት እንዲህ ነው?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ዘፍጥረት 11ን ካነበብክ የሐዋርያት ሥራ 2ንም አብረህ አንብብ። በጰራቅሊጦስ ዕለት መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ሕዝቡን ሁሉ ወደ አንድ ቋንቋ ሊመልስ ይችል ነበር፤ አልመለሰም። የጳርቴው፣ የሜዱ፣ የግብጹ፣ የዓረቡ ሰው እያንዳንዱ የእግዚአብሔርን ሥራ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ። የሰናዖር ሰዎችማ አንድ ቋንቋ ነበራቸው፤ ግንቡን የጀመሩት ግን ስማቸውን ለማስጠራት ነው። በራእይ 7፡9 ከዙፋኑ ፊት የቆሙትም ከነገድና ከቋንቋ ሁሉ የተሰበሰቡ ናቸው።

መልስ 2፣ ከዘጌ፦
ቅዳሴው በግዕዝ ነው። ቤቱ በግዕዝ የሚያወራ ማን አለ? ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ሁላችንም ጎንበስ ብለን እርስ በርስ እጅ እንነሣሣለን። ወንጌልን ያጸናልን አባ ሰላማም ከጢሮስ የመጣ ሰው ነው። የራሳችንን ፓትርያርክ ያገኘነው በ1951 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ስንት መቶ ዓመት ከግብጽ የመጡ ጳጳሳት ባርከውናል። አፋቸውን በአማርኛ አልፈቱም፤ ቡራኬያቸውን ግን ተቀብለናል።

መልስ 3፦
እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። አያቴ ገበያ ላይ አማርኛ ታቀላጥፋለች፤ ልጅ የታመመባት ሌሊት ግን ፈጣሪዋን የምትለምነው በአገውኛ ነበር። እባክህ፣ ክርክሩን ተወውና እናቲቱ ዘንድ ሂድ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ቡና ይዘን ሄድን። እጄን ይዘው «አልተቀየምኩም ልጄ» አሉኝ። የመጪው ወር ተራ የእኔ ነው፤ በአገውኛ እንዲመርቁን ለምኛቸው እሺ ብለዋል፤ ልጃቸው ይተረጉምልናል። ያንን ወንድሜን ገና አላናገርኩትም። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ እንደ ወትሮው እስከ ሐይቁ ዳር አብረን ስንሄድ እነግረዋለሁ።