የክረምት ንባብ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች፦ ሰነዱን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተባባልነው የክረምቱን የንባብ ዕቅድ ረቂቅ ጽፌያለሁ። ለክፍለ ከተማው በማኅበራችን ስም የሚገባ አንድ ሰነድ ስለሆነ እዚሁ ተከራክረን እናስተካክለው። መነሻው ይኼ ነው። 30 ልጆች፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ፣ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ እዚሁ ሐዋሳ በአዳራሻችን። ርዕሱ «ማደግና መለወጥ»። እያንዳንዱ ልጅ ሦስት መጽሐፍ አንብቦ ሪፖርት ያቀርባል። በሉ እንግዲህ፣ አትማሩኝ።

የአማርኛ መምህርት፦
እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን «ሦስት መጽሐፍና ሪፖርት» የሚለውን ሳነብ እኔው ደከመኝ። ልጆቹ ሰኔን በፈተና ነው የጨረሱት። አሁን ሪፖርት ካልናቸው የመጀመሪያው ቀን ይመጣሉ፣ በሁለተኛው ኳስ ሜዳ እናገኛቸዋለን።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። 7ኛ ክፍል የማስተምረው ልጅ አለ። መስከረም ላይ «እኔ ላንብብ፣ እኔ ላንብብ» እያለ እጁን የሚያወጣ ነበር። ጥር አካባቢ እያነበበ ሳለ ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ። ግማሹ የልጅ፣ ግማሹ የጎልማሳ ሆነበት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ያ ጉንፋን እስከ ሰኔ አልለቀቀውም። ተራው ሲደርስ መጽሐፉን እስከ ዓይኑ ከፍ አድርጎ ይደበቃል። ሱሪውም ቁርጭምጭሚቱን ትቶ ወደ ላይ ሸሽቷል፤ መስከረም ላይ ልኩ ነበር። ስለ ማደግ እናስነብብ ካልን፣ መጀመሪያ እሱ ደፍሮ የሚገባበት ክፍል ይኑረን። ማንም ልጅ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አይገደድ። እኛ እናንብብላቸው። ይኼ ሰነዱ ውስጥ ይግባልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ልጁ አንጀቴን በላው። እኔ ግን ወደ ሒሳቡ ልመለስ። 30 ልጅ ሦስት ሦስት መጽሐፍ ማለት 90 መጽሐፍ ነው። በማኅበሩ ካዝና አይታሰብም። አንድ አንድ ገዝተን ለምን ፎቶ ኮፒ አናስደርግም?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እንደሱ አይሆንም። ሙሉ መጽሐፍ አባዝቶ ማደል ያስጠይቃል። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ደራሲው ካረፈ በኋላም ሥራውን ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ማኅተም መትተን በምናስገባው ወረቀት ላይ ይኼ አይጻፍም።

መላ ግን አለው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ ነው። ደራሲው ካረፉ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ የፈለግነውን ያህል ብናባዛው ማንም አይናገረንም። ለርዕሳችንም ይስማማል። ወንድሟ ሲጠፋ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። የ13 ዓመት ልጅ ይኼን ሰምታ ምን እንደምትል መስማት እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይሁን። ሙሉውን አላልኩም፣ አትደንግጡ! የበዛብህ ልጅነትና ተማሪነት ያለበት ክፍል ብቻ። ሰው ስለ ሰብለ ያወራል እንጂ ማንኩሳ ስለተወለደው የስለት ልጅ ማን ያነሣል? ወላጆቹ የተሳሉለት መንገድና ልቡ የሄደበት መንገድ ተለያዩ። ይኼ የእነዚህ ልጆች ጉዳይ ነው። ሁለት ቅጂ እንግዛና እየተቀባበልን እናንብብላቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያደመጠ ሰው፣ እየተነበበለት መስማት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ወላጅ (የ8ኛ ክፍል ተማሪ እናት)፦
ጋሼ፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ግን ከመቶ ዓመት በፊት በተጻፈ አማርኛ ከጀመሩላቸው ልጄ በዚያው ትጠፋለች። እኔም ራሴ ግማሹ አይገባኝም። በበዛብህ ይጀመር።

ሌላም አለኝ፣ ወንዶቹ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባለፈው ክረምት ልጄ በሙቀት ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ትውል ነበር። የወር አበባዋ መምጣቱን ያወቅሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እኔ እናቷ! ትምህርት ቤት ምዕራፉ ላይ ሲደርሱ መምህሩ «ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ አለፈው አለችኝ። ስለ ለውጥ እናንብብ ብለን ይኼን ከዘለልነው ምኑን አነበብነው? ለሴቶቹ አንድ ቀን ብቻቸውን ይሰጣቸው። አዳራሹ ሽንት ቤት ውስጥም ሞዴስ ይቀመጥ። ገንዘብ ያዥ፣ ይኼን በጀቱ ላይ ጻፍልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ጽፌያለሁ። ለወንዶቹም አንድ ቀን ይሁን፤ እኛም በዚያ ዕድሜ የሚነግረን አላገኘንም።

የአዳራሹ ኃላፊ፦
ከሰዓት በኋላ የሚለውን ማን ጻፈው? በሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ሥር ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ክረምት ሊቀ መንበሩ «ጸድቋል» ይበሉ «ተሰርዟል» ይበሉ ሳንሰማ ነው እጃችንን ያወጣነው። ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይሁን።

ቀኖቹንም እዩ። ሐምሌ 19 ገብርኤል ነው። በዚያ ሳምንት ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል፣ ባጃጅ እንኳ አይገኝም። ነሐሴ 13 ደግሞ ቡሄ ነው። ሆያ ሆዬ እያለ ሙልሙል የሚሰበስብ ልጅ ለእናንተ መጽሐፍ ብሎ አይቀመጥም። ከሐምሌ 8 ጀምረን ነሐሴ 12 ብንጨርስ፣ የገብርኤልን ሳምንት ብንዘል፣ 8 ቀን ይደርሰናል። ይበቃል።

ወላጅ (የ8ኛ ክፍል ተማሪ እናት)፦
ጠዋት እኮ የሒሳብ ማጠናከሪያ አላቸው። ከፍለናል።

የአማርኛ መምህርት፦
ማጠናከሪያው በየቀኑ ነው እንዴ? ማክሰኞና ሐሙስን ብቻ እንለምናቸው። በቆሎ እሸት የሚጠብሱና አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚያግዙ ልጆችም አሉ። ለእነሱ ደግሞ ማልዶ አይመችም። የሁሉንም ሰዓት ማስታረቅ አንችልም፤ ያረፈደ ይግባ፣ በር አይዘጋበት።

ወጣት አባል (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦
አንድ ቀን ስለ ከተማችን ይሁን። ልጅ ብቻ አይደለም የሚለወጠው። ሲዳማ በ2012 ክልል ሲሆን እነዚህ ልጆች ገና ትንንሾች ነበሩ። የቀድሞው ሲዳሞ ዋና ከተማ ይርጋዓለም እንደነበር ብትነግሯቸው አያምኑም። አያቶቻቸውን ጠይቀው ይምጡ። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ የሚናገረውም ተረቱን በአፉ በፈታበት ቋንቋ ይንገረን፣ ጓደኛው ይተርጉምለት። ቦታው ፍቅር ሐይቅ፣ ዛፎቹ ሥር ቢሆንስ?

የአዳራሹ ኃላፊ፦
ጦጣዎቹ ወረቀታችሁን ይዘው ዛፍ ላይ ይወጣሉ። ደግሞ 30 ልጅ ውኃ ዳር ማን ይጠብቃል? አዳራሹ ውስጥ ይሁን።

ጡረተኛው መምህር፦
እኔ ጋ «አዋሳ» የሚል የጥንት ማኅተም ያረፈበት መጽሐፍ አለ። ዛሬ «ሐዋሳ» ብለው የሚጽፉ ልጆች ቢያዩት ደስ ይላቸዋል። አመጣዋለሁ፣ ግን ለማንም አላውስም። በ«ጦቢያ»ም ተሸንፌያለሁ፤ ከበዛብህ ቀጥሎ ይሁን። ከባድ ቃላቱን እኔ እየፈታሁ አነባለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሪፖርቱ ከቀረ ክፍለ ከተማው «ውጤታችሁ ምንድን ነው?» ሲለን ምን እናሳያለን?

የአማርኛ መምህርት፦
ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት እንለጥፍ። ልጆቹ ከሰሙት ታሪክ ያልተስማሙበትን አንድ ነገር ይጻፉበት፤ ስም ሳይጽፉ። «አባቱ አጥፍተዋል» ካሉም ይበሉ። እሱንና የመገኛ መዝገቡን እናያይዛለን። እስከ 8ኛው ቀን ስንት ልጅ እንደቆየ ከሪፖርት በላይ ይናገራል።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ አስተካክያለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ 8 ቀን። በዛብህ 3 ቀን፣ ጦቢያ 3 ቀን፣ ከተማችን 1 ቀን፣ ሴቶቹና ወንዶቹ ለየብቻ የሚሆኑበት 1 ቀን። ኮፒ የሚደረገው «ጦቢያ» ብቻ ነው። በቀን 6 ገጽ በሁለቱም በኩል ካተምነው ለ30 ልጅ 90 ቅጠል ይፈጃል። የማንበብ ግዴታ የለም፣ ሪፖርት የለም። ሞዴስ በጀት ውስጥ ገብቷል። የቀረ አለ?

የአማርኛ መምህርት፦
ያን ልጅ ዛሬ አሮጌ ገበያ አገኘሁት፤ ለእናቱ ድንች ተሸክሞ። ስለ ክረምቱ ነገርኩት። «ጮክ ብሎ ማንበብ ግዴታ ነው?» አለኝ፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ። አይደለም አልኩት። ድንቹን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዙሮ «ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ጸሐፊ፦
3 ሰዓት በይው። ሰነዱን ሰኞ አስገባለሁ። ማኅተሙ ማን ጋ ነው ያለው?