መድኃኒቱ ትኩረት ሰጥቶ የምግብ ፍላጎት ለነሳው ልጄ ምን ልጠይቅ?

የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ሁለተኛ ክፍል የሚማረው የ8 ዓመት ልጄ በትኩረት ማነስና በመቅበጥበጥ ምክንያት ከተመረመረ በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት 10 ሚሊ ግራም ሜቲልፌኒዴት እንዲወስድ ታዘዘለት። አንድ መስመር ጽፎ እርሳሱን እያኘከ በመስኮት ይመለከት የነበረ ልጅ፣ በሁለተኛው ሳምንት የቤት ሥራውን ጨርሶ ደብተሩን ሲያሳየኝ እንባዬ መጣ። ሆኖም ምሳ ዕቃውን እንደሞላ ይመልሰው ጀመር፤ በሁለት ወር ውስጥ ከ24 ኪሎ ወደ 22 ተኩል ወረደ፣ ማታም እስከ አምስት ሰዓት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

ዘመዶች «ይህ ኬሚካል ልጁን ይጎዳዋል» ስላሉኝ፣ ሐኪሙን ሳላማክር (ይህን ማድረግ አልነበረብኝም) ለሦስት ሳምንት አቋርጬ የኦሜጋ 3 የዓሣ ዘይትና ጥቁር አዝሙድ በማር ሰጠሁት። መብላቱ ተመለሰ፤ መምህሩ ግን ልጁ እንደ ቀድሞው መሆኑን ነገሩኝ። የዓሣ ዘይት በትኩረት ላይ ያለው ጥቅም በጥናቶች አነስተኛ ሆኖ መገኘቱንና መድኃኒቱን እንደማይተካ ያነበብኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጠሮው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወላጆችና ባለሙያዎች፣ ልጄ ክብደቱን ሳያጣ መድኃኒቱን እንዲቀጥል ከሐኪሙ ጋር በቅድሚያ የትኛውን ላንሣ፦ መጠኑን መቀነስን፣ ቅዳሜና እሁድ ማሳረፍን ወይስ ወደ ሌላ መድኃኒት መቀየርን?